ስድ ልቀቂያት

ሙአየድ ሁለት ቃል የለውም። «ሰማንያ መሮጥ ያልቻለ መኪና ከእኔ ጋር አይወጣም» ብሏል፤ እሱ ካለ ደግሞ አለ ነው። ከካርቱም ዳር፣ ከካላክላ ተነስተው በደቡቡ መንገድ ወደ ኮስቲ የሚሸሹትን መኪኖች አሰልፎ የሚመራው እሱ ነው። በየኬላው የቆሙትን ወታደሮች በስም ይጠራቸዋል፤ ትናንት ደህና የነበረው መንገድ ዛሬ መበላሸቱን ከሁሉም በፊት ይሰማል። ከሰልፉ ተነጥሎ ብቻውን የሄደ መኪና ምን እንደሚገጥመው ካላክላ ውስጥ የማያውቅ ስለሌለ፣ ሙአየድን ጨካኝ ብሎ የሚያማው የለም። የዛሬው ሰልፍ እኩለ ቀን ላይ ይነሳል። ከዚህ በኋላ ሌላ ሰልፍ ይኑር አይኑር ሙአየድ ራሱ አያውቅም።

አቢር ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ኮፈኑን ከፍታ፣ እስከ ወገቧ ሞተሩ ውስጥ ገብታ፣ አንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ ለሃምሳኛ ጊዜ በጣቷ ትዳስስ ነበር። መኪናው ሰማንያ ቀርቶ አርባም በልመና ነው። ነዳጅ ሲሰጡት ያጉረመርማል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ከዚያ ጭነት እንደበዛበት አህያ ባለበት ይንፏቀቃል።

እናቷ በበሩ ጥላ ሥር፣ በገመድ በተሠራው ዐንገሬብ አልጋ ላይ ተኝታለች። ስሟ ሙላቷ ነው። አሁን ፊቷም፣ እጇም፣ እግሯም ሞልቷል፤ እንዲህ ያለውን ሙላት ለጠላትም አይስጥ። ሁለቱ ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንገቷ ሥር በገባው ቱቦ፣ ደሟ በማሽን እየታጠበ ነበር የምትኖረው። እዚህ የነበረው ማሽን የጄኔሬተር ነዳጅ አልቆበት ከቆመ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። የሚሠራ ማሽን ያለው ኮስቲ ነው። ዘጠኝ ቀን ምን ማለት እንደሆነ ለአቢር የነገራት ሐኪም የለም፤ ግን የእናቷን ቅልጥም በጣቷ ስትጫነው ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም፣ ትንፋሿም ሽንት ሽንት ይላል። ይህን አይቶና አሽትቶ ሐኪም የሚጠይቅ ሰው የለም።

ፒክአፑ የአባቷ የየሕያ ነበር። የሕያ ከጀበል አውሊያ ሽንኩርትና ቲማቲም እየጫነ ሲመላለስ ኖሮ፣ ጦርነቱ ሊጀመር አንድ ዓመት ሲቀረው በልብ ሕመም ሞተ። መኪናው ተርቦ አለው፤ ለሞተሩ አየር በግድ የሚያጎርስ ነገር ነው። ጉርሻው ሲበዛ አንዲት ትንሽ በር ተከፍታ የተርቦውን ጉልበት ታበርዳለች። በሯን የሚከፍታት ራሱ አየሩ ነው፤ በቀጭን ቱቦ ሄዶ ይገፋታል። የሕያ ግን ጉልበት የማይጠግብ ሰው ስለነበር፣ ዴም በሚባለው ሰፈር ጋራዥ የነበረውን ወዳጁን ያረጋልን ለምኖ በዚያች ቱቦ መሐል አውራ ጣት የምታክል የነሐስ ዕቃ አስገባ። ውስጧ ጠምዛዛ ሽቦና የብረት ኳስ አለ። አየሩን «ቆይ፣ ገና ነህ» እያለች ታዘገየዋለች፤ በሯ ዘግይታ ትከፈታለች፤ መኪናውም ይስባል። አናቷ ላይ ያለውን ብሎን ባጠበቁት ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል። ሁለቱ ሰዎች «ብሎኗ» ነበር የሚሏት፤ ስለ ሁለተኛ ሚስት የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

አቢር ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ዐማራት በሚባለው የካርቱም ሰፈር በአንድ የጥርስ ክሊኒክ የሐኪም ረዳት ነበረች፤ መስተዋት ትይዛለች፣ ሲሚንቶ ታቦካለች፣ ሐኪሙ ሲቸኩል የቦረቦረውን ጥርስ ራሷ ትደፍናለች። ክሊኒኩ ሲዘጋ ሐኪሙ «ከሚዘረፍ የቻላችሁትን ያዙ» ስላላቸው፣ እሷ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ መሣሪያና ሁለት ጠርሙስ የጥርስ መድፈኛ ይዛ ወጣች። ምን አደርግበታለሁ ብላ እንደሆነ እሷም አታውቅም። ሰው ሲደነግጥ የሚያነሳው ዕቃ ሁልጊዜ የሚያስቅ ነው።

የመከራው መነሻ ከስምንት ቀን በፊት ነው። የማሽኑን መቆም እንደሰማች መኪናውን ለመንገድ ለማዘጋጀት ሰፈሩን አንዴ ዞረችበት። መኪናው አንበሳ ነበር፤ ምንም አልጎደለውም። ሞተሩን ሳታጠፋ ኮፈኑን ስትከፍት ግን ከብሎኗ ጎን «ጭስስ» የሚል ድምፅ ሰማች። አጎንብሳ ስታይ የመርፌ ዐይን የምታክል ቀዳዳ አለች፤ ከእሷ አየር ይወጣል። ሦስት መቶ ኪሎሜትር ሊሄድ የተዘጋጀ መኪና ሲተነፍስ ስታገኘው ሰጋች። ጤነኛውን ጥርስ ሁሉ መነካካት የክሊኒክ ሰው አመል ነውና፣ ልትተወው አልቻለችም።

ያረጋል በጦርነቱ የመጀመሪያ ወራት ወደ ገዳሪፍ ሄዷል። ስልክ በካላክላ አይሠራም፤ ሙሄዲን የሚባል ጎረቤት ግን ጣሪያው ላይ የሳተላይት ሳህን ስለሰቀለ ሰው ግቢው ውስጥ ተኮልኩሎ መልእክት ይለዋወጣል። አቢር የብሎኗን ፎቶ ላከች፣ «ዐሚ ያረጋል፣ ይቺ ቀዳዳ ምንድን ናት፣ ንፋስ ይወጣል» ብላ እንደ አጎቷ እየጠራችው በድምፅ ጠየቀች። ከአንድ ሰዓት በኋላ የእሱ ድምፅ መጣ። ከኋላው የወፍጮ ጩኸት አለ።

«አቢር ልጄ፣ ብሎኗን እንዳትነኪያት፣ ኸላስ፣ በቃ፣ አባትሽ እንደተዋት ትሁን። ከጎኗ ያለችውን ቀዳዳ ግን ስድ ልቀቂያት። ስድ! ነገሩ ሁሉ እሷ ላይ ነው። እናትሽን ሳሚልኝ።»

በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ነገሩ ገና ከዚህ ገብቶታል። አቢር ግን አፏን የፈታችው በዐረብኛ ነው። አማርኛዋ የእናቷ የጓዳ አማርኛ ነው፤ ብዪ፣ ጠጪ፣ ነዪ፣ ተኚ። ያረጋል ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሱዳን ኖሮ ሁለቱን ቋንቋ አንድ ላይ ያቦካ ሰው ነው። ዐረብኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ አቢርን ከሕፃንነቷ ጀምሮ በወንድ አንቀጽ ነው የሚጠራት። በዐረብኛ «ስድ» ማለት «ዝጋ» ነው። ካርቱም ውስጥ ስድ የሚባለው በር ነው፣ መስኮት ነው፣ የሚያፈስ ቧንቧ ነው። «ልቀቂያት» የሚለውን ደግሞ ታውቀዋለች፤ «ተያት» ማለት ነው። ስለዚህ የሰማችው እንዲህ ነው፤ ዝጊያትና ተያት። ነገሩ ሁሉ እሷ ላይ ነው።

ዘጋቻት። ያውም እንዴት ያለ አዘጋግ! ቀዳዳዋን በአልኮል አጠበች፣ አደረቀች፣ መድፈኛውን በብርጭቆ ላይ አቡክታ እንደ መንጋጋ ጥርስ ጠቀጠቀቻት፣ ላይዋን አለሰለሰች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ድንጋይ ሆነች። ድምፁ ጠፋ። አቢር በዚያን ቀን ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ኮራች።

ከአምስት ቀን በፊት የሙአየድ ሰልፍ ሲነሳ እናቷን አሳፍራ ስድስተኛ ሆና ተሰለፈች። መኪናው ተነሳ፣ ሳበ፣ ሰባ ደረሰ። ከፊት ያለው ሚኒባስ ጉድጓድ ሲዞር እግሯን ከነዳጅ መስጫው አነሳች፤ መልሳ ስትረግጥ መኪናው ሞተ። ሞተሩ ይዞራል እንጂ ጉልበት የለውም። ከኋላ ያሉት ጡሩምባ እየነፉ አለፏት፤ ሙአየድ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ተመለሺ፣ ወላሂ ከእናትሽ ጋር መንገድ ላይ ትቀሪያለሽ» አላት። ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ያልሞከረችው የለም። ቱቦዎቹን ሁሉ በሳሙና ውሃ አረጠበች፤ አረፋ የሚያወጣ የለም። ማሰሪያዎቹን በፒንሳ አጠበቀች። የትንሿን በር መግፊያ ዘንግ በእጇ ገፋችው፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ አልዛገም። ብሎኗን ፈትታ ገልብጣ አሰረቻት፤ እንዲያውም ሞተሩ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ የአየር ግፊቱ ጌጅ ቀዩን መስመር ስላለፈ ደንግጣ መለሰቻት። ያረጋል አትንኪ ያለውን የአናቷን ብሎን እንኳ ሩብ ዙር አጠበቀች፣ ሩብ ዙር አላላች። ሁሉም ያው ነው። ሰውን የሚያሳብደው ደግሞ ይሄ ነው፤ መኪናው በየማለዳው አንድ ጊዜ ይስባል። አንድ ጊዜ ብቻ። «ተሠራ!» ትላለች፤ እግሯን አንስታ ስትመልስ ያው ይሞታል። ሌሊቱን አድሮ ደግሞ በነጋታው አንዴ ይስባል። በየቀኑ አንዴ እያሾፈባት አምስት ቀን አለፈ።

አሁን አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አቢር ከሞተሩ ወጥታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። የሚሞከር አልቀራትም። ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ማልቀስም ጊዜ ይጠይቃል።

«ውሃ» አለች እናቷ።

አቢር ማንኪያ ውሃ ከንፈሯ ላይ ጠብ አደረገችላት። ከማንኪያ በላይ መስጠት አይቻልም፤ የገባው አይወጣም። ከትናንት ጀምሮ ዐረብኛው ከእናቷ አፍ ጠፍቷል። ሠላሳ አንድ ዓመት ከባሏ፣ ከጎረቤት፣ ከባለሱቅ፣ ከገዛ ልጇ ጋር የተናገረችው ዐረብኛ ከደሟ ጋር ተመርዞ ሄደ፤ የቀራት የወጣችበት አገር ቋንቋ ብቻ ነው። አንዳንዴ ረጅም ነገር ታወራለች፤ ስለ ወንዝ፣ ስለ አንዲት ጥቁር ላም። አቢር ከአሥር ቃል ሦስቱን ትይዛለች። ለአቢር፣ ዐይኗ እያየ፣ እናቷ እሷ ወደማትገባበት ቤት እየገባችና በሩን ከኋላዋ እየዘጋች እንደሆነ ተሰምቷታል፤ ከሞት በፊት የሚመጣ ሌላ ሞት መሰላት።

ስልኳን አወጣች። ስድስት በመቶ ባትሪ ቀርቶታል። ለምን እንደሆነ አታውቅም፤ ምናልባት ስለ መኪና የሚያውቅ የአንድ ሰው ድምፅ መስማት ፈልጋ ይሆናል፣ የያረጋልን መልእክት መልሳ ከፈተችው። ያን ቀን በሙሄዲን ግቢ በጆሮ ማዳመጫ ነበር የሰማችው። አሁን ድምፁ ግቢው ውስጥ ጮኸ።

«...ስድ ልቀቂያት። ስድ! ነገሩ ሁሉ እሷ ላይ ነው። እናትሽን ሳሚልኝ።»

ሙላቷ ዐይኗን ገለጠች። «ያረጋል ነው?»

«አይዋ ዩማ፣ አዎ እማ። ዐሚ ያረጋል።»

«ምኗን ነው ስድ ልቀቂያት የሚልሽ?»

«ቀዳዳ አለች፣ መኪናው ላይ። ንፋስ ይወጣል። ስድ አለኝ፣ እኔ ዘጋሁ። በጥርስ ሲሚንቶ፣ ኩወይስ አድርጌ፣ ጥሩ አድርጌ ዘጋሁ።»

ሙላቷ ዐይኗን ጨፈነች። አቢር መልሳ ያንቀላፋች መስሏት ነበር።

«ለምን ዘጋሻት?» አለች እናቷ ቀስ ብላ።

«ስድ አለኛ።»

«ስድ ማለትማ ልቅ ማለት ነው። ያልታሰረ፣ ያልተዘጋ። ከብት ስድ ተለቀቀ ይባላል። ክፍት ተያት ነው የሚልሽ፣ ልጄ» አለች፣ የጨበጠችውን እጇን ከፍታ እያሳየቻት።

አቢር ስልኩን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ያላሰበችው ነገር መጣባት። ልጅ ሳለች እንግዳ ፊት ስትቀብጥ፣ ከትልልቅ ሰዎች ጋር አፍ ስትካፈት፣ እናቷ በጥርሷ መሐል «አንቺ ስድ!» ትላት ነበር። ያን ጊዜ አቢር ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ትዘጋ ነበር፤ ዝጊ የተባለች መስሏት።

«ስድ ስትዪኝ... ትንሽ ሆኜ... አፌን እዘጋ ነበር» አለች።

«እኔማ ጨዋ ልጅ ወለድኩ እያልኩ እኮራ ነበር» አለች ሙላቷ፤ ከንፈሯ በአንድ በኩል ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የጆሮ ወለምታስ? አቢር የዚያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገለጠላት። አየሩ ኳሷን አልፎ በሯን ይከፍታል፤ እግር ሲነሳ ግን ወደ ኋላ መመለስ አይችልም፣ ኳሷ ዘግታበታለች። መውጫው ያቺ የመርፌ ዐይን ብቻ ነበረች። እሷ ስትደፈን አየሩ እዚያው ታፍኖ በሯን እንደከፈተ ይቀራል። ሌሊቱን በየስንጥቁ ቀስ እያለ ሲያልቅ፣ ጠዋት አንዴ ይስባል። መኪናው እንደ እናቷ ሆኖ ነበር፤ የገባበትን ማስወጣት አልቻለም። እንዲህ ያደረገችው ደግሞ እሷ ናት፣ በገዛ እጇ፣ ኮርታ። ያቺን ቀዳዳ ባትደፍን ኖሮ ከአምስት ቀን በፊት ኮስቲ ይደርሱ ነበር። እናቷም ያን ቀን ማሽኑ ላይ ትተኛ ነበር።

«ዩማ፣ እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ የገደልኩሽ።»

«ቋንቋዬን ያልሰጠሁሽ እኔ ነኝ» አለች ሙላቷ። «የአባትሽ ወገን እንዳይስቅብሽ ብዬ። አሁን ተነሺ።»

አቢር ተነሳች። ብሎኗን ከቱቦዋ ነቅላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፣ ቆርቆሮዋን ከፈተች። የጥርስ ሥር የሚጸዳበት፣ ከፀጉር ትንሽ የሚወፍር ጠምዛዛ መርፌ አለ፤ ስድስት አላት። የመጀመሪያውን ቀዳዳዋ ላይ ተክላ በሁለት ጣቷ ታሽከረክረው ጀመር። የገዛ ሥራዋ ጥሩ ሥራ ነበር፤ ሲሚንቶው ይህን ያህል ይጠነክራል ብላ አስባ አታውቅም። በትንሽ በትንሹ ነጭ ዱቄት ይወጣል። ትነፋዋለች፣ ትቀጥላለች። ሌላ ጊዜ ሐኪሙ እንደዚህ ሲሠራ በሽተኛው ይጮኻል፤ አሁን የምትጮኸው በውስጧ እሷ ነበረች።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መርፌው ውስጡ ተሰበረ። ስባሪውን በሌላ መርፌ ጫፍ ለማውጣት ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ሦስተኛው መርፌ ጎበጠ። ላቧ ዐይኗ ውስጥ እየገባ ቀዳዳዋ ሁለት ትሆንባታለች። ለፋ ከሚባለው አደባባይ በኩል የመኪኖች ጡሩምባ ተሰማ፤ ሙአየድ ሰልፉን እያስተካከለ ነው። ከዚያ የቀትር አዛን ተሰማ። ከአዛኑ በኋላ ጡሩምባው አንዴ ረዘም ብሎ ተነፋ፣ ሞተሮቹ እየራቁ ሄዱ፣ ዝም አለ። ጎረቤቷ አሚና በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ «አቢር፣ ሄዱ እኮ» አለቻት። አቢር ቀና አላለችም። አራተኛው መርፌ ድንገት ሸርተት ብሎ ገባ።

ብሎኗን አፏ ውስጥ ከትታ ነፋች። ከጎኗ ቀጭን ንፋስ ጉንጯን ነካት። ያን ንፋስ ስታገኘው አለቀሰች፤ ያኔ ጊዜ አገኘች።

ከአሚና ጋር ሙላቷን ተሸክመው ከሹፌሩ ጎን አስቀመጧት፣ በሻሽ ከወንበሩ ጋር አሰሯት። አሚና ከቁርኣን የሱረት ያሲንን መጀመሪያ እያነበነበች በሩን ዘጋች። ሰልፉ ከሄደ ሃያ አምስት ደቂቃ ሆኖታል።

ካላክላን እስክትወጣ መኪናው ሳበ። ይህ ምንም ማለት አይደለም፤ ሁልጊዜም አንዴ ይስባል። ሰባ። ሰማንያ። ፊት ለፊቷ መንገዱን የሸነሸነ ጉድጓድ መጣ። እግሯን አነሳች። ከኮፈኑ ሥር «ጭስስ» የሚለው ድምፅ ተሰማ፤ ያ የጠላችው፣ የገደለችው ድምፅ። ጉድጓዱን ዞረች። ትንፋሿን ይዛ ረገጠች።

ጌጁ ወደቀ፣ ቆመ፣ ተነሳ። መኪናው ከኋላቸው ሰው የገፋቸው ያህል ወደ ፊት ወጣ።

«ሳበ፣ ዩማ» አለች። «ሳበ ወላሂ፣ ሳበ።» እናቷ ጭንቅላቷ መስኮቱ ላይ እየነጠረ ነበር።

ባዶውን መንገድ ብቻዋን መቶ አሥር ነዳችው። በየቤቱ ጥግ የቆመ ሰው ባየች ቁጥር አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች። ሰልፉን ያገኘችው «ኢርቲካዝ» በሚሉት በመጀመሪያው የወታደሮች ኬላ ላይ ነው፤ መኪኖቹን አስቁመው ፍራሽና ሻንጣ ያስወርዳሉ። ፍተሻን የሚያመሰግን ሰው ካለ የዚያን ቀን አቢር ነበረች። ሙአየድ ከመጨረሻው መኪና ኋላ ስትቆም አይቶ መጣ።

«ሰማንያ ይሮጣል?» አላት።

«መቶ አሥር።»

ወደ ውስጥ አጎንብሶ ሙላቷን አየ። ጺሙን ዳበሰ። «ያላ፣ ነዪ፣ ከእኔ ኋላ ግቢ» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አሸዋና ፀሐይ ነው። ሙላቷ ከግማሽ መንገድ በኋላ እጇ እየተወራጨ ታወራ ጀመር፤ አንዳንዴ ያረጋልን ትጠራለች፣ አንዳንዴ እናቷን። አቢር በግራ እጇ መሪውን ይዛ በቀኟ የእናቷን አንጓ ትይዛለች፤ የልቧ ምት አንዴ ይቸኩላል፣ አንዴ ይጠፋል። ሲጠፋ ነዳጅ ትሰጣለች። ሲመለስም ትሰጣለች።

ኮስቲ ሲገቡ ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። የሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ ሁለት ማሽኖች ናቸው የሚሠሩት፤ በኺታ የምትባል ጠና ያለች ነርስ ሙላቷን አይታ ተራ የሚጠብቁትን አስነሳች። ሐኪሙ በማዳመጫው ልቧን አዳመጠ። «ዘጠኝ ቀን?» አለ። «ልቧ ከቻለ እናያለን። ቃል አልገባም።»

በኺታ የአንገቷን ቱቦ ከማሽኑ ጋር ልታገናኝ ስትል ሙላቷ ነቃች። የት እንዳለች አላወቀችም። እጇን ሰድዳ ቱቦውን ጨበጠች፣ ልትነቅለው ጎተተች። በዚያ ባበጠ እጅ ይህን ያህል ኃይል አለ ብሎ የሚያምን የለም። አቢር አንዱን እጇን ያዘች፣ በኺታ ሌላውን። ሙላቷ በሙሉ ዐይኗ ልጇን አየቻት።

«ስድ» አለች። «ስድ ልቀቁኝ። ደከመኝ፣ ልጄ። ስድ።»

በኺታ ቀና አለች። «ስድ ትላለች» አለች በዐረብኛ። «ምኑን እንዝጋላት ነው?»

ዛሬ ጠዋት ቢሆን አቢርም ይህንኑ ትጠይቅ ነበር። አሁን ግን ቃሉ ገብቷታል፤ እስከ ሥሩ ገብቷታል። እናቷ እጇን ብቻ ልቀቁኝ ማለቷ ይሁን ሁሉንም፣ ለይታ አላወቀችም። ልትጠይቃትም አልፈለገችም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የአማርኛን ቃል ከነምስጢሩ ያለ አስተርጓሚ ሰምታለች፤ ባልሰማሁት አለች።

«መስኮቱን ነው» አለች በዐረብኛ። «ብርሃኑ ዐይኗን ወግቷት ነው። እሱን ዝጊላት።»

በኺታ ሄዳ መስኮቱን ዘጋችው። ስትመለስ ቱቦውን አገናኘች፣ ማሽኑም መዞር ጀመረ። አቢር የእናቷን ሁለት እጆች ይዛ ቆማ ነበር፤ በቀስታ «ይቅር በዪኝ» አለቻት፣ በአማርኛ፣ እጆቿን ግን አልለቀቀቻቸውም።